ላብራቶሪ ውስጥ የሚበቅል ቆዳና የማይድን ቁስል፦ ከወሎ ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ቁስል ይዘው ወራት የቆዩ ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያና ከገጠሩ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ቀለል ያለው ቀድሟል።

ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ቆዳ ሲባል ምን ማለት ነው? የእውነት ቆዳ ነው?

በግማሽ አዎ። ሕያው የሰው ቆዳ ህዋሳት ተወስደው ላብራቶሪ ውስጥ እንዲባዙ ይደረጋል። ከዚያ በስስ መደገፊያ ላይ ያድጋሉ። በጣም የታወቀው አፕሊግራፍ ይባላል። ሁለት ንብርብር አለው። የታችኛው ከከብት በተገኘ ኮላጅን ውስጥ የተቀመጡ ፋይብሮብላስት የሚባሉ ህዋሳት ናቸው። የላይኛው ደግሞ የቆዳን ገጽ የሚሠሩት ኬራቲኖሳይት ናቸው። ላብ አያወጣም፣ ጸጉር አያበቅልም፣ የደም ስርም የለውም። በግማሽ ያልኩት ለዚህ ነው።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ሃዋርድ ግሪንና ጄምስ ራይንዋልድ የሰውን የቆዳ ህዋስ ከሰውነት ውጭ የሚያባዙበትን ዘዴ አሜሪካ ውስጥ አሳተሙ። በ1983 ሰውነታቸው ከሞላ ጎደል የተቃጠለ ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾች ከራሳቸው ህዋስ በበቀለ ቆዳ ታክመው ተረፉ። አፕሊግራፍ ደግሞ በ1998 ደም መላሽ ስሮች ሲደክሙ ለሚመጣው የእግር ቁስል፣ በ2000 ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል እዚያው አሜሪካ ተፈቀደ።

ቁስሌ "የማይድን" የሚባለው መቼ ነው?

ቁስል በየሳምንቱ እየጠበበ መሄድ አለበት። አንድ ወር አልፎት ያው ከሆነ፣ ወይም ጠገገ ሲሉት እየፈረሰ ከተመላለሰ፣ ቆም ብሎ ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል። ለስኳር የእግር ቁስል ሐኪሞች የሚይዙት ጥሩ መለኪያ አለ። በ4 ሳምንት ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ካልቀነሰ፣ በያዙት ሕክምና ብቻ በ12 ሳምንት የመዝጋት እድሉ ትንሽ ነው።

ስለዚህ በየሳምንቱ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው በስልክ ፎቶ ያንሱት። ብዙ ቤት ውስጥ "አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ይሻላል" እየተባለ ዓመት ያልፋል። ፎቶው አያባብልም።

ከራስ ጭን ተልጦ ከሚለጠፈው በምን ይለያል?

ከጭን የሚወሰደው የራስዎ ቆዳ ነው። ከያዘ እዚያው ይኖራል። ግን የቀዶ ሕክምና ክፍልና ማደንዘዣ ይፈልጋል፣ ጭን ላይም ሁለተኛ ቁስል ይተዋል። የላብራቶሪው ቆዳ ሁለተኛ ቁስል አይተውም። በተመላላሽ ክሊኒክ አልጋ ላይ ይደረጋል። በሌላ በኩል ለዘለቄታው አይቀመጥም።

የኔን ሐሳብ ልንገራችሁ። አዲስ ነገር ስንሰማ የድሮውን እንንቃለን። ንጹሕ፣ ቀይ፣ ደም በደንብ የሚደርሰው ሰፊ ቁስል ከሆነ ከጭን የሚወሰደው ዛሬም ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ ነው። ይህ ደግሞ አገር ውስጥ አለ።

ህዋሱ ከማን ነው የሚወሰደው?

ከሸለፈት። አዎ፣ አሜሪካ ውስጥ ከተገረዙ አራስ ወንዶች ልጆች። ይህን ሰምቶ የማይስቅ ጥቂት ነው። ግን ምክንያት አለው። የአራስ ህዋስ በፍጥነት ይባዛል፣ ቁርጥራጩም ለማንኛውም የሚጣል ነበር። እናትየዋ ፈቅዳ ትሰጣለች፣ ደሟ ይመረመራል፣ ህዋሱም ከተላላፊ በሽታ ነፃ መሆኑ ይፈተሻል። ከአንዲት ትንሽ ቁራጭ ብዙ ሺህ ልጣፎች ይወጣሉ።

ሁሉም ግን ከሌላ ሰው አይደለም። ኤፒሴል የሚባለው ለከባድ ቃጠሎ የሚያገለግል ሲሆን ከሕመምተኛው ከራሱ ቆዳ ነው የሚበቅለው። እሱ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል።

የሌላ ሰው ህዋስ ከሆነ ሰውነቴ አይጥለውም?

ኩላሊት ሲተከል እንደሚደረገው የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት አያስፈልግም። ልጣፉ ውስጥ የደም ስርም ሆነ መከላከያን የሚያስቆጡ ዋና ዋና ህዋሳት የሉም። ስለዚህ ሰውነት ብዙ አይቆጣም።

ከዚህ የሚገርመው ግን ህዋሶቹ ለዘለቄታው አለመቅረታቸው ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቁስሉ ላይ ሲፈለጉ አብዛኛውን ጊዜ አይገኙም። ሥራቸው እንደ እርሾ ነው። የእድገት ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ፣ የደከመውን የራስዎን ህዋስ ይቀሰቅሳሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ። ቁስሉን በመጨረሻ የሚዘጋው የራስዎ ቆዳ ነው። ይህን ካልያዝን ከታች ያሉት መልሶች ግልጽ አይሆኑም። የሚቀሰቀስ ጤነኛ ሥጋ ከሌለ ልጣፉ ብቻውን ምንም አያደርግም።

እንዴት ነው የሚደረገው? ያማል?

መጀመሪያ የሞተው ሥጋ እየተቆረጠ ይጸዳል። የሚያመው ብዙ ጊዜ ይሄኛው ነው። ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ሰው ግን ላይሰማው ይችላል። ከዚያ ልጣፉ በቁስሉ ልክ ተቆርጦ ይቀመጣል፣ ፈሳሽ እንዲያሳልፍ ትንንሽ ቀዳዳ ይደረግለታል፣ በማይጣበቅ ጨርቅና በፋሻ ይያዛል። ለሳምንት ያህል አይነካም። ብዙ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ያስፈልገዋል። መግል ያለበት፣ ያመረቀዘ ቁስል ላይ ግን በፍጹም አይደረግም።

ምን ያህል ያድናል?

ቁጥሩን እንየው። ለስኳር የእግር ቁስል በተደረገው ዋናው ጥናት አፕሊግራፍ ከተደረገላቸው በ12 ሳምንት 56 በመቶው ሙሉ በሙሉ ዘጋላቸው። ያለ ልጣፉ፣ በእርጥብ ጎዝና በተለመደው እንክብካቤ ከታከሙት ደግሞ 38 በመቶው። በደም መላሽ ስሮች ቁስል ላይ በ6 ወር 63 በመቶ ለ49 በመቶ ነበር። ሁለተኛው ቡድን የተደረገለት እግርን አጥብቆ በፋሻ መጠቅለል ነው።

ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ቁጥር ነው የሚያየው። እኔ ሁለተኛውን እዩ እላለሁ። እነዚያ 38ቱ በጎዝ፣ ቁስሉን በማጽዳትና እግራቸውን ከመርገጥ በማሳረፍ ነው የዳኑት። ልጣፉ ከመቶ ሰው 18 ጨመረ። ትልቅ ነገር ነው፣ በተለይ ከ18ቱ አንዱ ለሆነ ሰው። ግን 44ቱ ልጣፉ ተደርጎላቸውም እስከዚያ ጊዜ አልዘጋላቸውም።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ፋርማሲ ይገኛል?

ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። አፕሊግራፍ ሕያው ስለሆነ በታሸገ ከረጢቱ ውስጥ ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ያለው ዕድሜ የሚቆጠረው በቀን ነው። ዴርማግራፍት የሚባለው ወንድሙ ደግሞ ከዜሮ በታች 75 ዲግሪ ላይ በረዶ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ከውቅያኖስ ማዶ ተነስቶ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ 400 ኪሎ ሜትር በመኪና ደሴ እስኪደርስ ምን እንደሚሆን አስቡት። ዋጋውም አሜሪካ ውስጥ አንዱ ልጣፍ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ አንድ ልጣፍ ደግሞ አይበቃም።

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው "ይላክልኝ" ይላል። በሻንጣ የሚመጣ ነገር አይደለም። ገንዘቡን ለትራንስፖርት፣ ለምርመራና ለጥሩ ጫማ ቢያውሉት ይሻላል።

በቴሌግራም "ቆዳ የሚያበቅል" ክሬም ይሸጣል። ይሄው ነው?

አይደለም። ሕያው ህዋስ ቱቦ ውስጥ ተጨምቆ፣ ሱቅ ውስጥ ወራት ተቀምጦ አይኖርም። ቁስል ላይ ከመቀባትዎ በፊት የተጻፈበትን አንብቦ የሚያስረዳዎ የጤና ባለሙያ ያሳዩ። ሻጩ ስለ ስኳርዎ ካልጠየቀዎት ይተዉት።

ታዲያ ወሎ ውስጥ ሆነን ምን እናድርግ?

ብዙ ነገር። መጀመሪያ የቁስሉን ዓይነት ማወቅ። ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ወጥቶ፣ ዙሪያው ጠቁሮ፣ እግሩ ማታ ማታ የሚያብጥ ከሆነ ደም መላሽ ስሮች ሊሆኑ ይችላሉ። የውስጥ እግር ላይ፣ በተለይ ከጣት ስር፣ ሳያም የተበሳ ከሆነ የስኳር ወይም የነርቭ ጉዳት ነው የሚጠረጠረው። ጣት ጫፍ ላይ ሆኖ እግሩ ከቀዘቀዘና ሌሊት የሚያሠቃይ ከሆነ ደም እየደረሰ ላይሆን ይችላል። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ሕክምና ነው የሚፈልጉት። "ቁስል ነው" ብሎ ለሁሉም አንድ ቅባት መስጠት የትም አያደርስም።

ለስኳር ቁስል ዋናው መድኃኒት አለመርገጥ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል፤ መርፌ ቢታዘዝለት ይመርጣል። ግን በቀን ሺህ ጊዜ የሚረገጥ ቁስል በምንም አይዘጋም። ክራንች፣ ቁስሉ ያለበትን ቦታ የሚያሳርፍ ጫማ፣ ባለሙያ ካለ ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ጀሶ አለ። ሰኞ ባቲ ገበያ በእግር ወርዶ መመለስ ለጊዜው ለልጆች ይተው። ኮንጎ ጫማ ጠጠር ያስገባል፣ እግርንም ይፍቃል። በረባሶ ጠርዙ ይቆርጣል። ለደነዘዘ እግር ሁለቱም አይሆኑም። ደላንታና መቄትን በመሰለ ደጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እግርን እሳት ዳር ማሞቅ። የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውም፤ ጠዋት ሲነሱ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያገኛሉ። ካልሲ ያድርጉ፣ ከእሳቱም ራቅ ይበሉ።

ለደም መላሽ ስሮች ቁስል ዋናው አጥብቆ በኢላስቲክ ፋሻ መጠቅለል ነው፤ ከጣት ስር ጀምሮ እስከ ጉልበት በታች። ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ። ቀኑን ሙሉ ምጣድ ፊት ወይም ሱቅ ውስጥ የሚቆሙ እናቶች ይህን ካልያዙ ቁስሉ ቢዘጋም ይመለሳል። ግን በራስዎ አይጠቅልሉ። መጀመሪያ ባለሙያ የእግሩን ትርታ መዳሰስ አለበት። ደም የማይደርሰው እግር ቢታሰር ሊሞት ይችላል።

ምግብም አለ። ቁስል የሚዘጋው በፕሮቲን ነው። በጾም ወቅት ምስር፣ ባቄላና ሽሮ በደንብ ይብሉ። ስኳር ያለበት ሰው መጾም ከፈለገ፣ ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ፣ መድኃኒቱን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል። ሪፈራል ካስፈለገም የጤና መድን ካርድ ያለው ሰው ከጤና ጣቢያው ጀምሮ በደረጃው ይሂድ፤ ዘልሎ መሄድ ከኪስ ያስከፍላል።

ቡና፣ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ማር ብናደርግበትስ?

ቡናውም ቅቤውም ይቅር። ቆሻሻ ያስገባሉ፤ ነርሷም ቁስሉን ለማየት መጀመሪያ እነሱን መፋቅ አለባት። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል። የካፕሱል ዱቄት ከፍቶ መነስነስም አጉል ልማድ ነው፤ ቁስሉን ያደርቀዋል፣ ጀርሙንም መድኃኒት ያስለምደዋል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና አልኮልም በየቀኑ ሲደረጉ አዲሱን ሥጋ ይገድላሉ።

ማር ለብቻው ይታይ። ለሕክምና ተብሎ በጨረር የጸዳ ማር በብዙ አገር ለቁስል ያገለግላል። የገበያው ማር ግን አልጸዳም፣ አንዳንዱም ስኳር የተቀላቀለበት ነው። ማራችን ቢያኮራንም ለቁስል ሳይሆን ለቁርስ ይሁን።

ውዱእ ሳደርግ ወይም ፀበል ስጠመቅ ፋሻው ይረጥባል። ምን ይሻላል?

እርጥብ ፋሻ በቀን አምስት ጊዜ ቁስል ላይ መቆየት የለበትም። በፋሻ ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ በእስልምና ሕግ የታወቀ ነው። ለዝርዝሩ የሰፈርዎን ዑለማ ይጠይቁ፤ ቁስሉ ክፍት መሆኑን ይንገሯቸው። ጤነኛውን እግር ግን ሲታጠቡ ጣቶች መሃል በደንብ ያድርቁ።

ፀበል የሚሄዱ ሰዎች ላይ የማየው ችግር ውሃው አይደለም። መድኃኒት ማቋረጡ ነው። ኢንሱሊን አቁሞ ፀበል ቦታ ሳምንታት መቆየት ለሞት ያደርሳል። መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ፣ ቁስሉን ሸፍነው ይጠመቁ፣ ከረጠበ ወዲያው ይቀይሩ።

ከአሳማ የሚሠራም አለ ይባላል። እንዴት አውቃለሁ?

አለ። ከአሳማ አንጀት የሚሠራ ኦኤሲስ የሚባል ሽፋን አለ። አፕሊግራፍ የሚጠቀመው ኮላጅን የከብት ነው። ኢንቴግራ የሚባለው ደግሞ ከከብት ጅማትና ከሻርክ ዓሣ የተገኘ ነገር ያለበት ሲሆን ህዋስ የለውም። ስለዚህ አንዱን በሌላው መፍረድ አይቻልም። ሐኪሙን "ከምንድን ነው የተሠራው?" ብሎ መጠየቅ መብት ነው፤ ሐኪሙም ቅር ሊለው አይገባም። የሃይማኖቱን ፍርድ ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ ግን ጥያቄውን ቀድመው ያንሱ፣ ከተለጠፈ በኋላ አይደለም። በከብት ኮላጅን አለርጂ ያለበት ሰውም አስቀድሞ ይናገር።

ከዓሣም አለ። አይስላንድ ውስጥ ከኮድ ዓሣ ቆዳ፣ ህዋሱ ወጥቶለት የሚዘጋጅ ሽፋን ይሠራል። ያለ ልዩ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ለእንደኛ ዓይነት አገር ከሕያው ልጣፍ ይልቅ ይህ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። ብራዚል፣ ፎርታሌዛ ውስጥም ሐኪሞች ለቃጠሎ የቆሮሶ ዓሣ ቆዳ አጽድተው ተጠቅመዋል። ሐይቅ ላይ ቆሮሶ ሞልቷል ተብሎ ግን ከጀልባ ወደ ቁስል አይሄድም። ጀርሙን የማጥፋት ሥራው ነው ዋናው ነገር።

አባቴ የሥጋ ደዌ ታክመው ድነዋል፤ የውስጥ እግራቸው ቁስል ግን ይመላለሳል። ይህ ቆዳ ይሠራላቸዋል?

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕክምና የረጅም ዘመን ስም ያለው ነው፤ ይህን ጥያቄ ከዚያ አካባቢ ደጋግመን የምንሰማውም አለምክንያት አይደለም። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ የሞተው ነርቭ ግን አይመለስም። ስለዚህ አባትዎ ላይ ያለው ቁስል ሥጋ ደዌው ተመልሶ ላይሆን ይችላል። እግራቸው ሕመም ስለማይሰማው እየተረገጠ የተበሳ ነው። ሰው እንዳይርቃቸው ይህን ለጎረቤትም ያስረዱ።

አፕሊግራፍና መሰሎቹ የተፈቀዱት ለስኳርና ለደም መላሽ ስሮች ቁስል ነው። ለአባትዎ ግን የሚሻለው ሌላ ነው። በየቀኑ እግርን ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ የደደረውን ዳር በጥንቃቄ መፋቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ለስላሳ መርገጫ ያለው ሰፊ ጫማ። ቁስሉ እስኪዘጋም መሳረፍ።

ከ10 ዓመት በላይ የቆየ ቁስል አለኝ። ልጣፍ ቢደረግልኝ?

መጀመሪያ ናሙና ይወሰድ። የቆየ ቁስልና የቃጠሎ ጠባሳ አንዳንዴ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ማርጆሊን አልሰር ይባላል። ጠርዙ ወደ ላይ ከተነሳ፣ እንደ አበባ ጎመን ካደገ፣ በቀላሉ ከደማ ወይም ሽታው ከተለወጠ አይጠብቁ። ከጠርዙ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ፓቶሎጂ ይላካል። ካንሰር ላይ የእድገት ንጥረ ነገር የሚያመነጭ ልጣፍ ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው። በጊዜ ከተገኘ ግን በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነው።

"እግሩ ይቆረጥ" ተብለናል። ይህ ቆዳ ሊያድነው ይችላል?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይሄ ነው። እግር የሚቆረጠው ቆዳ ስለጎደለ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ደም ስለማይደርሰው፣ አጥንቱ ስላመረቀዘ ወይም ኢንፌክሽኑ ወደ ሰውነት እየወጣ ስለሆነ ነው። ለእነዚህ ሦስቱ ልጣፍ መልስ አይሆንም። እግሩ ጠቁሮ የሚሸት ከሆነና ትኩሳት ካለ አንድ ቀንም አይጥፋ።

ሕይወቱን የሚያሰጋ አጣዳፊ ነገር ከሌለ ግን ሐኪሙን ጠይቁ። የደም ዝውውሩ ታይቷል ወይ? አጥንቱ ራጅ ተነስቷል ወይ? ጣት ብቻ ቢቆረጥ እግሩ ይተርፋል ወይ? የደም ስሩን መክፈት የሚችል ሐኪም ጋ መላክ ይቻላል ወይ? አዲስ አበባ የካቲት 12 እና አለርት ሆስፒታሎች የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስላለ፣ ሥጋው ንጹሕ ሆኖ መሸፈን ብቻ የቀረው ሰው ሪፈራል መጠየቅ ይችላል። ከተቆረጠም ሕክምናው አያልቅም። ሁለተኛው እግር ካሁን በኋላ የሁለቱንም ጭነት ነው የሚሸከመው። በየማታው የውስጥ እግሩን በመስታወት ይዩት፤ ዓይን ከደከመ ልጅ ይይላቸው።